ኪስራና ሙላህ፦ የድንበር ማዶ ማዕድ በመተማ

በሱዳን የረመዳን ወር ሲገባ ማዕድ ከቤት ይወጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ወንዶች መንገድ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ልጆች ከየቤቱ ትልልቅ ክብ ትሪ ተሸክመው ይመጣሉ፤ የአንዱ ቤት ትሪ ከሌላው ቤት ትሪ ጎን ይቀመጣል፤ ማን ምን እንዳመጣ ሳይለይ ሁሉም ከሁሉም ይቆርሳል። በዚያ የሚያልፍ እግረኛም፣ ባለጋሪም፣ መንገደኛም ይጠራል። ከካርቱም ወደ ደቡብ በሚወርደው የገዚራ አውራ ጎዳና ዳር ያሉ መንደሮችማ በመጥራት ብቻ አይመለሱም። ጥምጣማቸውን ፈትተው ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ይወጥሩና አውቶቡስ ያስቆማሉ፤ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ወርዶ ካልቀመሰ አያሳልፉትም። ይህን የመንገድ ላይ ማፍጠሪያ «ዳራ» ይሉታል። ወር ሙሉ በየምሽቱ የሚደገም የሰፈር ድግስ ነው።

ትሪው ላይ ቴምር አለ። የሽምብራ ንፍሮ አለ። ጠቆር ያለ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ መጠጥ በማሰሮ ወይም በጆግ ይቀርባል። ከሁሉ የሚበዛው ግን ማሽላ ነው፤ እንደ ገንፎ የተሠራ ማሽላ፣ ስስ ሆኖ የተጋገረ ማሽላ፣ የሚጠጣ ማሽላ። ይኸው ማሽላ ከመተማ እስከ ቋራ፣ ከሽንፋ እስከ አብርሃ ጅራ ያለውን የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚያበላ እህል ነው። የትሪውን ምግቦች አንድ በአንድ ማስተዋወቅ የፈለግሁትም ለዚህ ነው። የሱዳን ምግብ ሲባል ብዙዎቻችን የሩቅ አገር ነገር ይመስለናል፤ መተማ ላይ ግን ከድንበሩ ድልድይ ወዲያና ወዲህ የሚቦካው ሊጥ ከአንድ እህል የመጣ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ወደ ምዕራብ በአይከል በኩል ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየጨመረ ይሄዳል። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ገንዳ ውሃ ይደረሳል፤ ኮኪት ይታለፋል፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተሄደ በኋላ መንገዱ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከድልድዩ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት ናት። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም መጥቶ ይሄዳል። የቀረው ወር ፀሐይ ነው። ጤፍ እዚህ እንግዳ ነው፤ በመኪና ተጭኖ ከደጋ ይወርዳል። ጥቁሩ የቆላ አፈር የሚያበቅለው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው፤ ሰሊጡ ይሸጣል፣ ጥጡ ይሸጣል፣ ማሽላው ይበላል።

ደገኛው ግን ማሽላን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያየው። ለብዙ ከተሜ የማሽላ እንጀራ ጤፍ ሲወደድ የሚበላ፣ ወይም የድሃ ቤት ምግብ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱት ሳሉጎች፣ ማለትም የቀን ሠራተኞቹ፣ የማሽላ እንጀራ ያለ ብዙ ወጥ በልተው ይከርማሉ፤ ሲመለሱም የሚያስታውሱት ድርቀቱን ነው። ይህ ማሽላን ያስነቀፈ ትዝታ ነው እንጂ የእህሉ ጥፋት አይደለም። ማሽላን እንደ ጤፍ ወፍራም አድርጎ ጋግሮ ለነገ ማሳደር ለእህሉ የማይስማማ አሠራር ነው። የማሽላ እንጀራ በማግስቱ ይጠጥራል፤ ይሰነጠቃል። ሱዳኖች ይህን ችግር የፈቱት በሌላ መንገድ ነው፤ መፍትሔያቸው ኪስራ ነው።

ኪስራ እንዲህ ነው የሚሠራው። የማሽላ ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ ከትናንቱ ሊጥ የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል። በዚያ ሙቀት አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠዋት ኮምጥጦ ይገኛል። የደጋው የጤፍ ሊጥ ሁለትና ሦስት ቀን እንደሚቆይ፣ አብሲትም እንደሚጣልለት አንባቢ ያስታውሳል። ሊጡ ከቀጠነ በኋላ ምጣዱ ይጣዳል። ዛሬ ምጣዱ ባብዛኛው የብረት ነው፤ «ሳጅ» ይሉታል። ቀድሞ ከሸክላ የሚሠራው «ዶካ» ነበር። ጋጋሪዋ ዘይት በነካ ጨርቅ ታሸዋለች፤ አንድ ጭልፋ ሊጥ ታፈስበታለች። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ጥበብ ነው። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች «ገርገሪባ» የምትባል ትንሽ መግፊያ ይዛ ሊጡን ወዲያና ወዲህ ትገፋዋለች። እጇ ሲመላለስ ሊጡ እየሳሳ ምጣዱን ሁሉ ያለብሰዋል። እጅ ከዘገየ ሊጡ እየበሰለ ይጓጉላል፤ ከቸኮለ ይቀደዳል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዙ ራሱ ይነሳል፤ በጣት ጫፍ ተይዞ ይላጣል። አይገለበጥም፤ አይከደንም። ወረቀት የሚያህል ስስ ነገር ነው። በላዩ ላይ ሌላው እየተደረበ ይከመራል፤ በኋላም ተጣጥፎ ይቀርባል።

እንጀራ የምትጋግር ሴት ይህን ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው ዓይኑን ነው። ኪስራ ዓይን የለውም። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ሊጡ ወፈር ብሎ ስለሚፈስስ፣ በቡኾው ውስጥ ያለው አየር ከሥር ወደ ላይ ቀዳዳ እየሠራ ስለሚወጣ፣ አክምባሎውም እንፋሎቱን አፍኖ የላዩን ስለሚያበስለው ነው። ኪስራ ላይ ሊጡ ተገፍቶ ስለሚሳሳ አየሩ መንገድ ሳይሠራ ይጠፋል፤ ክዳን ስለሌለም ላዩ ይደርቃል። ሁለቱ ምግቦች አንድ ዓይነት ብልሃት፣ ማለትም የኮመጠጠ ሊጥና የጋለ ምጣድ ይዘው ተነስተው በሁለት ነገር ይለያያሉ፤ በክዳንና በመግፊያ። ስስ መሆኑ ማሽላን ይስማማዋል፤ የሚጠጥርበት ውፍረት የለውምና። ቡኾውም ያለ ጥቅም አይደለም። የማሽላ ፕሮቲን ሲበስል ለሆድ የሚከብድ ይሆናል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ይህ ክብደት እንደሚቀል የምግብ ተመራማሪዎች ኪስራን ራሱን እየፈተሹ አሳይተዋል። ጋጋሪዎቹ ያለ ቤተ ሙከራ የደረሱበት ነገር ነው።

ኪስራ ብቻውን አይበላም፤ ሙላህ ይፈልጋል። ሙላህ ወጥ ነው፤ ግን የእኛን ወጥ አስቦ የቀመሰው ሰው ይደነግጣል፤ ዝልግልግ ነው። ምክንያቱ ባሚያ ነው። ባሚያው ተከትፎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ «ወይካ» ይባላል። ሽንኩርት በዘይት እስኪጠቁር ይቁላላል፤ የተወቀጠ ቋንጣ ይገባበታል፤ ቲማቲም ይጨመራል፤ መጨረሻ ላይ ወይካው ይነሰነሳል። በዚህ ጊዜ «ሙፍራካ» የምትባለው ጫፏ የተሻገረ እንጨት ድስቱ ውስጥ ትገባና በሁለት መዳፍ መሃል እየተሽከረከረች ትመታዋለች። ወጡ ይወፍራል፤ ይዘልጋል። ይህ ዓይነቱ «ተቅሊያ» ይባላል። በእርጎ የሚሠራ ነጭ ሙላህም አለ። ሙላሁ ከኪስራ ጋር ካልሆነ ከ«አሲዳ» ጋር ይበላል። አሲዳ የማሽላ ገንፎ ነው፤ በሳሕን ተደልድሎ ሰፊ ትሪ ላይ ይገለበጥና ሙላሁ ዙሪያውን ይፈስስለታል። እኛ ገንፎ መሃል ጉድጓድ አድርገን ቅቤና በርበሬ የምናኖርበት ነገር እዚያ ወደ ውጭ ወጥቷል።

ዝልግልጉን ደገኛ ቶሎ አይለምደውም። የቆላው ሰው ግን እንግዳው አይደለም። በመተማና በቋራ የሚኖሩት ጉሙዞች ባሚያን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ የማሽላ ገንፎም የዘወትር ምግባቸው ነው። ስለዚህ ይህ ማዕድ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ ማለት ትክክል አይመስለኝም። ድንበሩ ነው በማዕዱ መሃል ያለፈው። በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ወሰን የወሰነው የአፄ ምኒልክና የእንግሊዝ ስምምነት የተፈረመው በግንቦት 1894 ዓ.ም. ነው፤ ገንፎውና ባሚያው ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ።

ወደ ረመዳኑ ትሪ ልመለስ፤ ጠቆር ያለውን መጠጥ ሳላስተዋውቅ ማለፍ አልፈልግም። «ሑሉ ሙር» ይባላል። ሥራው የሚጀምረው ጾሙ ሳይገባ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሱዳን ሰፈሮች ሽታቸው ሌላ ይሆናል። ማሽላው ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል፤ በአጭሩ ብቅል ይሆናል። ብቅሉ ከማሽላ ዱቄት ጋር ይቦካል። ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ከሙን፣ ሄል፣ ቴምር፣ አንዳንድ ቤት ከርከዴና የሮቃ ፍሬ ይገባበታል። ከዚያ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል። ቡናማ ሆኖ የደረቀው ቂጣ ተሰባብሮ ይቀመጥና በማፍጠሪያ ሰዓት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ ስኳር ተጨምሮበት ይጠጣል። እኛ ዘንድ ብቅል ሲባል ጠላ ትዝ ይላል። እዚያ ያው የበቀለ እህል ሳያሰክር የጾመኛ ጉሮሮ ያርሳል።

የሑሉ ሙር ነጩ ወንድም «አብሬ» ነው፤ ቅመም የለውም። ስስ፣ ደረቅ፣ ኮምጣጣ ቅርፊት ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጥምም ረሃብም ያስታግሣል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. የአትባራን ገባር ወንዞች ተከትሎ እስከ ገላባት ሲጓዝ ይህን ስንቅ አይቶ ነበር፤ በጉዞ መጽሐፉም ለበረሃ መንገደኛ የሚሆን ምግብ አድርጎ ጽፎታል። የእኛ ድርቆሽ ለዘማች የሠራውን ሥራ አብሬ ለግመል ነጋዴ ሠርቷል።

ቤከር ያያት ገላባት፣ ያኔ መተማም ትባል የነበረችው፣ የገበያ ቦታ ነበረች። ነዋሪዎቿ በብዛት ተክሩሮች ነበሩ፤ ከዳርፉርና ከዚያ ባሻገር ከምዕራብ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ እዚህ የቀሩ ሙስሊሞች። ሼካቸው ለግብፅም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍል ነበር፤ በሁለት ጌታ መካከል የመኖር ጥበብ መተማን ከጥንት አልተለያትም። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ ይወጣል፤ ባሮችም ይሸጡ ነበር። ገበያ ባለበት ምጣድ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ሰው እዚህ ያገኘውን እህል የለመደውን ምግብ አድርጎ ጋገረ።

ማሽላው ራሱ ከየት ነው? ከዚሁ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። የጓንግ ወንዝ ከጣና ሰሜን ምዕራብ ካሉት ተራሮች ተነስቶ በመተማ ቆላ በኩል ያልፍና ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። በዚያ ወንዝ አካባቢ፣ በከሸም ኤል ጊርባና በከሰላ መካከል ባለው ሜዳ፣ አርኪዮሎጂስቶች በሸክላ ስብርባሪ ላይ የማሽላ ገለባና ፍሬ አሻራ አገኙ። ሰው ማልመድ የጀመረው ማሽላ ነበር፤ ዕድሜው 5000 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን እስከ ዛሬ ከታወቁት የለማዳ ማሽላ አሻራዎች ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው። ጤፍ የኢትዮጵያ ደጋ ስጦታ ነው ብለን እንኮራለን። ማሽላም በእኛና በሱዳን መካከል ያለው የቆላ ስጦታ ነው፤ ግን ሲኮሩበት አይሰማም።

ከኢትዮጵያ በኩል በማሽላ ላይ የተሠራ አንድ ታላቅ ሥራ አለ፤ ውጤቱም መጀመሪያ የታየው በሱዳን ማሳ ላይ ነው። ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ የዓለማያ ተማሪ፣ ዶክትሬታቸውን ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እንዳገኙ ሱዳን ሄደው መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 «ሐጊን ዱራ 1» የተባለ ድርቅ የሚችል ዲቃላ ማሽላ ወጣ፤ በአፍሪካ ለገበያ ከዋሉ የማሽላ ዲቃላዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥለው የዘመቱት በአቀንጭራ ላይ ነው። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡን የሚጠጣ፣ አበባው ያማረ፣ ተግባሩ የከፋ አረም ነው፤ የመተማ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ይህን አረም የሚቋቋሙት ዝርያዎች በኢትዮጵያ «ጎብዬ» እና «አብሽር» ተብለው ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮፌሰሩ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አንድ የካርቱም ቤት የሚበላውን ኪስራ ከሥሩ ቢመረምሩት የኢትዮጵያዊ እጅ ሊገኝበት ይችላል ማለት ነው።

ትሪው ላይ ብዙ ጊዜ ማሽላ ያልሆነ አንድ ምግብ አለ፤ ፉል። ይህን ጎንደሬም አዲስ አበቤም ያውቀዋል፤ ቁርስ ላይ በቅቤና በበርበሬ፣ በእንቁላልና በእርጎ ይበላዋል። የሱዳኑ ፉል ሌላ ነው። ባቄላው ሌሊቱን በዝግታ ሲበስል ያድራል፤ ጠዋት በጎድጓዳ ሳሕን ይወጣና በጠርሙስ ቂጥ ይደቆሳል። ከሙን፣ ሽንኩርት፣ ነጭ አይብ፣ ሻታ የሚሉት የሚያቃጥል ቃሪያ ይገባል። ቅቤ የለም። ቦታውን የያዘው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሳይቆጠቡ ያንቆረቁሩበታል። ፉሉን ሱዳናዊ የሚያደርገው ይህ ዘይት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰሊጡ የሚበቅለው በዚያም በዚህም ነው። የመተማ ሰሊጥ ግን በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ወደ ቻይናና ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ የአምራቹ ገበታ ላይ ብዙ አይታይም። ባቄላውም ታሪክ አለው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወጣው ባቄላ ዋና ገዢዋ ሱዳን ሆና ቆይታለች፤ ከመንገዶቹም አንዱ መተማ ነበር። ስለዚህ በጎጃም ወይም በወገራ የተወቃ ባቄላ በገላባት በኩል አልፎ ፉል ሆኖ ሊደቆስ ይችላል።

በቡናም እንደዚሁ ነው። ሱዳኖች በጀበና ያፈላሉ፤ ዝንጅብል አብረው ይወቅጣሉ፤ ዕጣን ያጨሳሉ። ከነጩ ዕጣን የመተማና የቋራ ጫካ ድርሻ ብዙ ነው፤ የዕጣን ዛፍ ደረቱን እየተፋቀ ሲያለቅስ የሚሰበሰብ ሙጫ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ በአንድ ጥላ ሥር የሱዳን ቡናና የሐበሻ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ቢቀመጡ ልዩነታቸው ዝንጅብልና ሲኒ ነው።

የምግቡ ጉዞ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረውም። የ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሳይጀመር በካርቱም፣ በተለይ በዴም ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የታወቁ ነበሩ። ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ በጠቅላላው «ዝግኒ» ተብለው ይጠሩ ነበር። መንገድ ዳር አጭር በርጩማ ደርድረው ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ኢትዮጵያውያት ጥቂት አልነበሩም። ወዲህ ደግሞ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥ ከከለከለች ወዲህ መተማ ዮሐንስ ቢራ ሊጠጣ የሚሻገረው ሱዳናዊ መናኸሪያ ሆነች። ከተማዋ በዚህ መልኩ መታወቋ ያሳዝነኛል፤ የቢራው ወሬ ምጣዱን ሸፈነው።

መተማን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በወደቁባት ቦታነቷ ነው፤ መተማ ዮሐንስ የሚለውን ስምም ከእሳቸው ነው ያገኘችው። ያ ዘመን በሁለቱም አገር የረሃብ ዘመን ነበር። እኛ «ክፉ ቀን» እንላለን፤ ሱዳኖች በሂጅራው 1306 ዓመት ስም «ዓመተ ስድስት» ይሉታል። ማሳውን ያጠፋው ድርቅ ወሰን አላወቀም። ቅርብ ጊዜም በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች ወደሚወዛገቡበት የድንበር መሬት፣ ወደ አልፋሽቃ፣ ሲገባ በዚያ ማሽላና ሰሊጥ ያርሱ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ከእርሻቸው ወጥተዋል። በማሽላ ማዕድ የሚስማሙ ሁለት ሕዝቦች በማሽላ መሬት ተጣልተዋል፤ ይህን ሳልጽፍ ስለ ጉርብትናው ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። በሳምንታት ውስጥ የመተማ ድልድይ ሻንጣ በያዙ ሰዎች ተሞላ፤ ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ የሌላ ብዙ አገር ዜጎች። ለሱዳናውያኑ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፈተ። ሐኪምም፣ ነጋዴም፣ መምህርም ነበሩባቸው፤ በካርቱም ዳቦ ገዝተው የሚበሉ ከተሜዎች ድንኳን ውስጥ ማሽላ ያቦኩ ጀመር። ኑሯቸው ቀላል አልነበረም። አካባቢው ራሱ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ውስጥ ገባ፤ ስደተኞቹም በዝርፊያና በጥቃት ተማርረው በ2016 ዓ.ም. ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር የሰፈሩበት ጊዜ ነበር። ስደተኛ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ነገር ጥቂት ነው፤ የሊጥ እርሾ አያያዝ ግን በእጅ ውስጥ ያለ እውቀት ስለሆነ ድንበር ላይ አይፈተሽም።

በሌላው የዓለም ጫፍ ዩክሬናውያን ያደረጉት ነገር እዚህ ላይ ይታወሰኛል። አገራቸው በጦርነት ስትታመስ የቀይ ሥር ሾርባቸውን፣ ቦርሽን፣ ይዘው ዩኔስኮ ዘንድ ቀረቡ፤ ሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የቦርሽ አሠራር ባህል አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የተሰደዱትም በሄዱበት ከተማ በየጎዳና ባዛሩ የአገራቸውን ምግብ ያቀርባሉ፤ ሰው በዚያ ያውቃቸዋል። ኪስራ እንዲህ ዓይነት ደጋፊ አላገኘም። የሱዳን ጦርነት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ሲያፈናቅል ስለ ሱዳን ምግብ የጻፈው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ስለ ሱዳን የመንገድ ማፍጠሪያ የሚጽፉ ሁሉ የሚያወድሱት ምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን ለጋስ ወንዶች ነው። ገርገሪባ የምትገፋው፣ ሙፍራካ የምታሽከረክረው፣ ሑሉ ሙሩን አስቀድማ ስታበቅል፣ ስታደርቅና ስትጋግር የሰነበተችው ሴት መንገድ ላይ የለችም፤ እቤት ውስጥ ከሴቶች ጋር ነው የምታፈጥረው። ጋጋሪዋ ምንጣፉ ላይ የማትቀመጥበት ድግስ ግማሽ ድግስ ነው ብዬ አስባለሁ። በእኛም ቤት ሠርግና ተዝካር ላይ ከዚህ የተሻልን መሆናችን አጠራጣሪ ነው።

ጎንደርና ባሕር ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች የጤፍን ዋጋ እያማረሩ ነው። ከመተማ አንዲት ኪስራ ጋጋሪ ቢቀጥሩ፣ ባሚያውንም ከቆላው ቢያስመጡ ብዙ አይጎዱም። ለምግብ ባለሙያ አሠልጣኞችም ያው ነው፤ የሆቴል ተማሪ ላዛኛ ሲማር ኪስራ የማይማርበት ምክንያት አይታየኝም።

አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ መተማ ለመዝለቅ ቢታደሉ ገበታ ላይ ሲቀመጡ የጤፍ እንጀራ አለ ወይ ብለው አይጀምሩ። ማሽላ ይጠይቁ። ኪስራ ከተገኘ በጠዋት ይብሉት፤ ከቀትር በኋላ ይደርቃል።